ፕሮግራማችን ከኮምፒውተር ክፍሉ ይውጣ!

በኮምፒውተር ትምህርት የተማሪዎችን ውጤት ደምሮ አማካይና ደረጃ የሚያወጣ የፓይተን ፕሮግራም እየጻፍን እንገኛለን። መልካም ነው። ነገር ግን እኛ እጩ መምህራን አንድ ጥያቄ አለን፤ ይህ ፕሮግራም ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ይሠራል ወይ?

እንዲሁ ከሄደ አይሠራም። የጻፍነው ስክሪፕት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እያነበበ የሚያስፈጽመው ፓይተን የተባለው አስተርጓሚ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ዋጋ የለውም። እዚህ አስተርጓሚው ተጭኖልናል። በአንድ የገጠር ርእሰ መምህር ቢሮ ያለችው ብቸኛ ኮምፒውተር ግን ፓይተን ቀርቶ ኢንተርኔትም ላይኖራት ይችላል። እንግዲህ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የ60 ልጅ ሮስተር በካልኩሌተር ሲደመር ሊታደር ነው። እኛም «ፕሮግራም ጽፈን ነበር እኮ» እያልን!

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፓይኢንስቶለር የተባለ በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ስክሪፕቱን፣ አስተርጓሚውንና የሚያስፈልጉትን ሁሉ ጠቅልሎ ራሱን የቻለ አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። ስንቁን ቋጥሮ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው፤ ከደረሰበት ቤት ምንም አይለምንም። በፍላሽ ወስዶ ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ይበቃል። እርግጥ ጥቂት ኪሎባይት የነበረው ወደ ብዙ ሜጋባይት ያድጋል። በተከፈተ ቁጥርም ጭነቱን በጊዜያዊ ፎልደር ስለሚያራግፍ ትንሽ ይዘገያል። ይኼ ይቻላል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለዊንዶውስ የሚሆነው ፋይል መጠቅለል ያለበት በዊንዶውስ ላይ ነው፤ ሊኑክስ ላይ የተጠቀለለው እዚያ አይነሳም። ባለ 64 ቢት የሆነውም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ከሁሉም በላይ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.9ም ሆነ ከሱ በኋላ የመጡት ዊንዶውስ 7ን አይደግፉም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላለበት ትምህርት ቤት በ3.8 መጠቅለል ግድ ይላል። አንቲቫይረሱም አንዳንዴ ጤነኛውን ፋይል ቫይረስ ነህ ብሎ ያግደዋል፤ ይህን ለሚረከበው ሰው አስቀድሞ መንገር ያሻል።

ከመካከላችን «የተጠቀለለውን ብቻ እንስጥ፣ ስክሪፕቱን ካገኙት ያበላሹታል» የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። ከ40 ይያዝ የነበረው ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ከ50 ይሁን ቢባል ማን ያስተካክለዋል? እኛ እኮ ያን ጊዜ ሌላ ወረዳ ነን። ደግሞስ ጥቅሉ ምስጢር አይጠብቅም፤ ያወቀበት ሰው ይፈታዋል። ስክሪፕቱ በዚያው ፍላሽ ላይ አብሮ ይሂድ፤ በየትኛው የፓይተን ቁጥር እንደተጠቀለለም በአማርኛ ተጽፎ ይያያዝ። ከኛ በኋላ የሚመጣው መምህር ይማርበታል።

መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፕሮጀክት ሥራችን እኛ በጻፍንበት ኮምፒውተር ላይ አይታረም። ፓይተን ያልተጫነበት፣ ኢንተርኔት የሌለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ይቀመጥና ሁሉም ፍላሹን እዚያ ይሰካ። ያልተነሳለት ማርኩ ይቀነስ፤ አናጉረመርምም።