ዋጋ ብቻውን ድምፅ አይሆንም

ብዙ ጓደኞቼ «የጆሮ ማዳመጫ ውድ ከሆነ ድምፁም መልካም ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ማዳመጫና አምፕሊፋየር እንደ ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ በርትቶ ሌላው ቢለግም እርሻው አይቀናም።

ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 የተባለው የጀርመን ማዳመጫ በ32፣ በ250 እና በ600 ኦም ተሠርቶ ተሽጧል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ይለያያል። እኩል ድምፅ ለመስጠት ባለ 600 ኦሙ ከባለ 32ቱ ከ4 እጥፍ በላይ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በስልክ ብቻ ሲሞከር ይደክማል፤ ሰሚውም ማዳመጫውን ያለ ጥፋቱ ይነቅፈዋል። ባለ 32ቱ ደግሞ የራሱ የመውጫ ኦም ከ4 የማይበልጥ አምፕሊፋየር ይስማማዋል፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ሁለት ማዳመጫዎችን ስታወዳድሩ እያንዳንዱን ከሚስማማው አምፕሊፋየር ጋር አድርጋችሁ ፍረዱ። የወላጆቻችሁንም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከዋጋው አስቀድማችሁ ኦሙን ጠይቁ!