የጁባ አሮጌ ሠፈሮች እድሳት ስለ መዘግየቱ

በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ የመካከለኛው ከተማ የመንግሥት ቤቶችና አሮጌ ሠፈሮች እድሳት የተጓተተው ገንዘብ በመታጣቱ ብቻ አይደለም። መንግሥቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነጻነቱን ካወጀ ከሁለት ወር በኋላ ርእሰ ከተማው ወደ ራምሴል እንዲዛወር ወሰነ፤ አንዱ ምክንያትም ስለ ጁባ መሬት ከነባሩ ባለርስት ከባሪ ሕዝብ ጋር ስምምነት መታጣቱ ነበር። በ2009 የወጣው የመሬት ሕግ የመንግሥት፤ የወልና የግል ይዞታን ለይቷል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቦታ የማን እንደ ሆነ እያከራከረ ሕጉ ለነጋዴው ምን ይረባዋል? በ2013 እና በ2016 በከተማዪቱ የተነሣው ውጊያ ነገሩን ይበልጥ አባሰው። የመዛወሩ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። በዚህ መካከል ባለቤቱ ባልታወቀ ቦታ ላይ ቤት አፍርሶ የሚሠራ ባለገንዘብ ቢታጣ፤ ሹማምንቱም ሊለቀቅ ለተወሰነበት ከተማ በጀት ለመጠየቅ ቢያመነቱ የሚያስደንቅ አይደለም።