ፊውዙ ይቃጠል፣ እኛ እንትረፍ

ቮልስ ገፍቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ! እኔ ገፍቻለሁ፤ ገፍቼም ባለቤቱን ቡና ጋብዣለሁ። ይህን የማስቀድመው የቮልስ ጠላት እንዳልባል ነው።

በቀደም አራት ሆነን በአንድ ወዳጄ ቮልስ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ እያዘገምን ሳለ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። “ዳገት ላይ ትሸታለች” አለ ባለቤቱ፣ ስለ አያቱ ዐመል እንደሚያወራ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የተቀመጠው ወፍራሙ ጓደኛችን “ኧረ ሰዎች፣ ከታች እየጋለኝ ነው!” ብሎ ጮኸ። ወርደን መቀመጫውን ስናነሳው ጠቁሮ ይጨሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መቀመጫው ውስጥ የብረት ሞላ አለ። ሰው ሲጫነው ሞላው ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነካ፣ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ ነጌቲቭ ስለሆነ ኮንታክት ይፈጠራል። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ለባትሪው ክዳን ሠርተውለት ነበር። የወዳጄ ክዳን የት ሄደ? “ድሮ ነው የጠፋው!”

ጥርጣሬ ገብቶን የፊውዝ ሳጥኑንም ከፈትን። ሁለቱ ፊውዞች በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልለዋል። “እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ መካኒኩ ነው ያደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተቃጥሎ አያውቅም!” አለኝ በኩራት።

የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ፊውዝ እኮ የተሠራው እንዲቃጠል ነው! ባለ 8 አምፔሩ ከአቅም በላይ ሲመጣበት ራሱን ሠውቶ ሽቦውን ያድናል። ወረቀት ሲጠቀለልበት ግን የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ይሆናል፤ ያውም ከዳሽቦርድ ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት። ዘበኛው ሌሊት እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ዘበኛውን ማባረር ማለት ይኸው ነው።

“50 ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሄዳለች” ይለኛል ወዳጄ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው… 50 ዓመት! የሽቦው ልባስ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ዘንድ ያለው የቤንዚን ጎማም እንዲሁ። የሚያንጠባጥብ ቤንዚንና የእሳት ብልጭታ ከተገናኙ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም አለበት፤ እሱ አንዴ ከተያያዘ ውኃ መድፋት እሳቱን ያብሰዋል። ስለዚህ ማጥፊያው መኪናው ውስጥ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። እሳቱ ከሞተሩ ከሆነ ደግሞ ኮፈኑን በርግዶ መክፈት አየር መጋበዝ ነው።

ጓደኞቼ ቮልስ ሲገዙ መጀመሪያ ቀለም ይቀባሉ። ቀጥሎ ትልቅ ስፒከር ያስገባሉ፤ ሽቦውንም ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ይስባሉ። ገላጣውን በናስትሮ ጠምጥመው “አለቀ!” ይላሉ። ቀለም መቀባት ፍቅር ነው እንበል… ሽቦ መቀየር ግን ትዳር ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የተቃጠለችውን የሚተካ አዲስ አይወለድም። ውስጧ የተቀመጠውን ሰውማ ጭራሽ!

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ቅጠሉ ደግሞ ውድ አይደለም። የባትሪ ክዳን ከጠፋ ወፍራም የአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ ፖዘቲቩ ላይ በደንብ ታስሮ ለጊዜው ያገለግላል። ፊውዝ ሲቃጠል በዚያው ቁጥር መተካት፤ ደግሞ ከተቃጠለ ምክንያቱን መፈለግ። መኪናዋ የምትቆም ከሆነ የባትሪውን ነጌቲቭ መንቀል። በቃ።

ወዳጄ እየተነጫነጨም ቢሆን እውነተኛ ፊውዝ ገዛ። በማግስቱ ማታ ደወለልኝ።

“መብራቷ ጠፋ! ፊውዙ ተቃጠለ!”

“እንኳን ደስ አለህ” አልኩት። ሽቦው የተላጠበትን ቦታ ያገኘነው በዚያ ሳምንት ነው።