«የሽማግሌ ወሬ» ለምትሉ

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ «የጦር አውሮፕላን ሲወድቅ አይቻለሁ» የሚል ሽማግሌ በተገኘ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንደኛው «ሰነድ ከሌለው ተረት ነው» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ስልኩን ደግኖ አምስት ደቂቃ ይቀርጽና «ጀግኖቻችን በምንሽር የጣሉት የጣሊያን አውሮፕላን!» ብሎ ይለጥፋል። ሽማግሌው «የጣሊያን» አላሉም። ኧረ ምንሽርም አላነሱም።

ከሰነድ አምላኪው ልጀምር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ ደገሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑ አርፎ ተገደለ። ሮም «አንገቱን ቀሉት» ብላ ጮኸች፤ የመርዝ ጋዙም የዚህ ግፍ በቀል ነው ተባለ። ራስ እምሩ ግን ጋዙ ተከዜ ላይ በሠራዊታቸው ሲወርድ ያዩት ታኅሣሥ 13 ነው፤ ሚኒቲ ከመሞቱ ሦስት ቀን ቀድሞ። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ ፈቃድ የሰጠውማ ገና በጥቅምት ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት! ቆዳው የተላጠው ገበሬ ይህን ሁሉ ዘመን «ማስረጃ የለህም» ሲባል ኖረ። ሰነዱን ቆልፎ የያዘው ገዳዩ ሆኖ ሳለ ሟቹን ሰነድ አምጣ ማለት ምን ዓይነት ምርምር ነው?

ሰነድ አለ የተባለበትንም እንይ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ አምባዞ አካባቢ የጣሊያኑ ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ በደቡብ አፍሪካዊው ሆፕ ተመትቶ ወደቀ። የሁለቱ ስም፣ የአውሮፕላኖቹ ዓይነት፣ ሆፕ በማግሥቱ ከአየር የጣለው የክብር መልእክት ሳይቀር ተጽፏል። ፍርስራሹ የወደቀበት ማሳ ባለቤት ግን ባነበብኩት ሁሉ የለም።

አሁን ወደ ቀራጩ። ወንድሜ፣ የኛን አገር ሰማይ የጣሊያን አውሮፕላንም የደርግ ሚግም አይቶታል። በ2013ም ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቷል። «የጣሊያን ነው አይደል?» ብለህ ከጠየቅህ አባባ እንግዳ አያሳፍሩም፣ «አዎ ልጄ» ይሉሃል። ይልቅ «ድምፁን ነው አስቀድመው የሰሙት ወይስ አውሮፕላኑን ነው ያዩት?» በል። ፕሮፔለር ከሩቅ እያጓራ ይመጣል፤ ዝቅ ብሎ የሚበር ጄት ግን ካለፈህ በኋላ ነው የሚያስደነግጥህ። ገብሱ ታጭዶ ነበር? የየትኛው ታቦት ሰሞን ነው? «ዘመነ ማርቆስ» ቢሉህ ደስ ብሎህ አትሩጥ፤ 1934ም ማርቆስ ነው፣ 1982ም ማርቆስ ነው። ሁለት ሽማግሌ ጎን ለጎን አስቀምጠህ አትጠይቅ፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ይደግማል። እማማንም ጠይቅ እንጂ! ብረቱ የማን ጓሮ እንደገባና ምን ሆኖ እንደቀረ ከባለቤቷ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

«ማን ጣለው?» የሚለውን ወደ መጨረሻ አቆየው። ባለፉት ዓመታት መሣሪያ በወጣበትና በገባበት ቀዬ ይህ ጥያቄ ሰው ያስፈራል፤ መቅረጫ የያዘ እንግዳም ይጠረጠራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተመራማሪ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በ1934 የ10 ዓመት እረኛ የነበረ በሕይወት ካለ ዛሬ 94 ገደማ ነው። ለበዓል አገር ቤት የምትገቡ የጋይንት ልጆች፣ የአያታችሁን ቃል እንዳለ፣ «አላስታውስም» ያሉትንም ሳታስተካክሉ ጻፉት።