የዕውቀት ሰፈር በሩን ለጎረቤትም ይክፈት

በሰሜን ምዕራብ አማን የሚገኘው ጁበይሃ በአንድ ወቅት እርሻ የከበበው መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ምድር ላይ ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቁጥር ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ የተቋሙ ተማሪዎች ከአርባ ሺህ ይበልጣሉ። አጠገቡም የልዕልት ሱማያ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። በታላቋ አማን ሰፊ ክልል ውስጥ ጁበይሃና አካባቢው በትምህርት ምክንያት የተወለደ፣ በትምህርትም የሚተዳደር መካከለኛ ከተማ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ባለው ሰፈር መኖር የራሱ መልክ አለው። የነዋሪው ዓመት የሚቆጠረው በትምህርት ዘመን ነው። ምዝገባ ሲቃረብ ቤት ፈላጊው ይበዛል፤ ፈተና ሲደርስ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ ያጣሉ፤ ክረምት ሲገባ ጎዳናው ጭር ይላል። በንግሥት ራንያ ጎዳና፣ ከዋናው የዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት፣ የመጻሕፍት መደብሮች፣ ፈላፌልና ሻዋርማ የሚሸጡ ቤቶች፣ ካፌዎችም ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ፈጣን አውቶቡስም በዚሁ ጎዳና መካከል የራሱን መንገድ ይዞ ያልፋል። ብዙው ተማሪ ከቤተሰቡ ቤት እየተመላለሰ ይማራል፤ ከሩቅ የመጣው ግን ክፍል ይከራያል። ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ሸሪዓና ዐረብኛ ሊማሩ ወደ ዮርዳኖስ የሚመጡ ወጣቶችም አሉ። ለአከራዩ፣ ለባለ ሱቁና ለታክሲ ነጂው ተማሪ ማለት የዕለት እንጀራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሰፈር የሚኖረው ተማሪና አስተማሪ ብቻ አይደለም። ደረጃ የሚወለውል፣ ምግብ የሚያበስል፣ የመምህሩን ልጅ ለትምህርት ቤት የሚያሰናዳ ሌላ ነዋሪ አለ። በአማን መኖሪያ ቤቶች ተቀጥረው ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን እኅቶች ይገኙበታል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ዐረብኛን የተማሩት በወጥ ቤት፣ በጆሮ ብቻ ነው። «ነዓም» እና «ሓድር» ማለትን ያውቃሉ፤ የፈረሙበትን ውል፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ቀን ግን ማንበብ ይሳናቸዋል። ከዕውቀት ቤት አጥር ሥር እየኖሩ ፊደል ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው መብቱን የሚያውቀው ሌላ ሰው በነገረው መጠን ብቻ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ አንድ በር ከፍቷል። የዮርዳኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሻሻል የቤት ሠራተኞችን በጥበቃው ሥር አካተተ። በተከታዩ ዓመት የወጣው ደንብም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖራቸው ደነገገ። ይህ ቀን ጁምዓ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጁምዓ ዩኒቨርሲቲው ዝግ ነው። ሠራተኛዋ ዕረፍት ባገኘችበት ቀን የመማሪያ ክፍሎቹ ባዶ፣ ወንበሮቹም ያለ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ለውጭ አገር ሰዎች ዐረብኛ የሚያስተምር የቋንቋ ማዕከል አለው። ከሩቅ አገር ከፍለው የሚመጡ ተማሪዎች በዚያ ይማራሉ። የማስተማሩ ልምድም ክፍሉም አለ ማለት ነው። የጎደለው፣ በአጥሩ ማዶ የምትኖረውን የውጭ አገር ሰው እንደ ተማሪ ማየት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በወሎ እነ ጀማ ንጉሥና እነ ዳና ስማቸው የገነነው በትምህርት ነው። ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ የአካባቢው ሰው ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ካለው ያካፍለዋል። ደረሳውም በፋንታው ልጆችን ቁርኣን ያስቀራል፤ በሐዘንና በደስታ ቀን ከመንደሩ ጋር ዱዓ ይቀመጣል። መንደሩ ተማሪውን ያበላል፣ ተማሪውም መንደሩን ያስተምራል። በዚህ ሥርዓት ዕውቀት የሀሪማው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ጎረቤት ይፈስሳል።

የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በእርግጥ ከሀሪማ ይለያል። በጀት፣ የጥበቃ ሥርዓት፣ የተመዘገበ ተማሪ አለው፤ በበሩም መታወቂያ ይጠየቃል። ተቀዳሚ ኃላፊነቱ ለተማሪዎቹ ነው የሚል ወገን ቢኖር ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን የሚፈለገው ዲግሪ አይደለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ጥቂት ክፍሎች፣ ፈቃደኛ ተማሪዎችና የዐረብኛ ፊደል መማሪያ ይበቃሉ። ክፍሉ በግቢው ውስጥ ባይመች በአቅራቢያው ያለ መስጂድ ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ለመጀመር መወሰኑ ነው።

ኃላፊነቱም በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም። አሠሪው የዕረፍቱን ቀን ሳይሸራርፍ ሊሰጥ፣ ሠራተኛዋ ወደ ትምህርት ስትሄድም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ መብቷ ሊያየው ይገባል። በአማን የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ደግሞ አማርኛና ዐረብኛ አጣምረው የሚያውቁ ልጆቹን ለዚህ ሥራ ሊያሰልፍ ይችላል። ፊደል የቆጠረች እኅት ለአዲስ መጪዋ እኅቷ አስተማሪ ትሆናለችና የአንዲቱ ትምህርት በአንዲቱ አያበቃም።

የዩኒቨርሲቲ ከተማ ክብር የሚለካው በሚያስመርቃቸው ተማሪዎች ብዛት ብቻ አይደለም። በዕውቀት ቤቱ ዙሪያ ለብዙ ዓመት የኖረ፣ የሠራና ያገለገለ ሰው ከዚያ ምን ይዞ እንደሄደም ይለካል። እኅቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከደመወዛቸው ጋር የሚያነብ ዓይን ይዘው ቢሄዱ ጁበይሃ ለጎረቤቷ የሚገባውን ሰጠች ይባላል። በጁምዓ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውሉት ወንበሮች ለዚህ ይበቃሉ።