ካርታው የማያሳየው ግቢ

ውልና ማስረጃ ተገኝተው የሚፈራረሙ ሻጭና ገዢ ስለ ቤቱ ያልተነጋገሩት ነገር የቀረ አይመስላቸውም። ካርታው ታይቷል። እዳና እገዳ እንደሌለበት ተጣርቷል። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ተቆጥሯል። በደላላው ኮሚሽን ላይ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀዋል። ወር ሳይሞላ ገዢው ጓዙን አስገብቶ ግቢውን ማስመንጠር ሲጀምር ግን ከሣሩ ሥር የሲሚንቶ ክዳን ብቅ ይላል። ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲባል ሌላ ክዳን። አጥሩ ጥግ ጋ ደግሞ ጫፉ በፌስታል የታሰረ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ከመሬት ወጥቶ ቆሟል። ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ሻጩ ስልክ አያነሳም። ደላላው «እሱ የቆየ ነገር ነው፣ ምንም አይልም» ብሎ ይዘጋል። ጎረቤት ያሉት እናት «እኛም ስንመጣ እንዲሁ ነበር ልጄ» ይላሉ።

በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ «የቆየ ነገር ነው» የምትለዋን ያህል ገዢን ያስከፈለች አባባል ብዙ አትገኝም። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን፣ ያም ባይበቃው የባንክ ብድር ጨምሮ የሚገዛው ቤት ግማሽ ሥራው መሬት ውስጥ ነው። ስለዚያ ግማሽ ግን በውሉ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም። ጉዳዩን የገዢ ዝርክርክነት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሻጭ ከቁልፉ ጋር ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ ንድፍ ፈርሞ ማስረከብ ግዴታው ሊሆን ይገባል። የባለሙያ ፕላን መሆን የለበትም። በእስክሪብቶ የተሳለ፣ ክዳኖቹ ከየትኛው ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሚርቁ የተጻፈበት ወረቀት ይበቃል።

መንግሥት መሬት አልለካም አይባልም። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ የይዞታ ወሰኖች በልኬት እየተረጋገጡ ይመዘገባሉ፤ ጎረቤት አጥሩን ግማሽ ሜትር ቢገፋ የሚያሳፍረው ማስረጃ አለ። ግን ያ ሁሉ ልኬት የገጽታ ልኬት ነው። ካርታው 200 ካሬ ሲል አፈሩን ከላይ አይቶ ነው። ከሣሩ ሥር የሚያልፈው የማን ቧንቧ እንደሆነ አይናገርም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ከሩቅ ይጀምራል። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ አንድ ባለቤት የነበራቸው ብዙ ሰፋፊ ግቢዎች ለበርካታ ቤተሰብ ተሸነሸኑ። ግቢን በቆርቆሮ መክፈል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጉድጓዱና ቧንቧው ግን አብረው አልተከፈሉም። ስለዚህ በአሮጌ ሰፈር በአንዱ ግቢ ያለ ጉድጓድ የሦስት ቤት ፍሳሽ የሚቀበል ቢሆን አይገርምም። ሁለተኛው ምክንያት አዳዲሶቹን ቤቶች የሚመለከት ነው። ለግንባታ ፈቃድ የሳኒተሪ ፕላን ይቀርባል፤ ፎርማኑ ሲቆፍር ቋጥኝ ከገጠመው ግን መስመሩን ወደ ጎን ያዞረዋል። ያዞረበትን ማንም አይስልም። እውነተኛው ፕላን በፎርማኑ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፤ እሱም ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል።

ከተማዋ ሙሉ በሙሉ በፍሳሽ መስመር የተያያዘች ብትሆን ችግሩ ይቀል ነበር። የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ እንዲቀበል ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ከመስመሩ ጋር ያልተያያዘው ሕዝብ አሁንም እጅግ ብዙ ነው፤ በየግቢው በተቆፈረ ጉድጓድና በመጣጭ ቦቴ ይኖራል። የግቢው ክዳን የእያንዳንዱ ቤት የግል ማጣሪያ በር ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ግቢውን ማንበብ የሚጀመረው ከክዳኑ ሳይሆን ከቤቱ ነው። መጸዳጃ ቤቱ በየትኛው ግድግዳ በኩል ነው? ወጥ ቤቱስ? ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም። ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ተነስቶ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ በዓይን መስመር ቢሰመር ክዳኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መስመር ላይ ይገኛሉ። ግድግዳው አጠገብ ያለችው ትንሿ አራት ማዕዘን ማንሆል ናት፤ ቧንቧ የሚታጠፍበት ወይም የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትሠራለች፣ ጥልቀቷም ብዙ አይደለም። ወረድ ብሎ በአንድ መስመር ሁለት ከባድ የኮንክሪት ክዳኖች ካሉ ሴፕቲክ ታንክ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በመጀመሪያው ክፍል ዝቃጩ ይቀመጣል፣ ፈሳሹ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ለዚህ ነው ክዳኑ ሁለት የሚሆነው። ግድግዳ ታኮ ወደ ላይ የወጣው 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ መተንፈሻው ነው፤ «አያምርም» ብሎ የቆረጠው ሰው ሽታውን ወደ ቤቱ ጠራ ማለት ነው። ከታንኩ አልፎ ብቻውን ያለ ክዳን ደግሞ የማስረጊያ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው በደረቅ ድንጋይ ተደርድሮ ውሃውን ለአፈሩ የሚሰጥ።

ከውጭ በር አጠገብ በመንገዱ በኩል ያለችው ሳጥን የውሃ ቆጣሪ ናት። ፓምፕ የተገጠመለትና ከጣሪያው ሮቶ ጋር የተያያዘ ጉድጓድ ካለ የምድር ታንከር ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቤተሰቡ የሚጠጣው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የምድር ታንከሩና ሴፕቲኩ ጎን ለጎን ከተሠሩ፣ አንዱም ከተሰነጠቀ፣ የሁለቱ ውሃ የሚለያየው በጥቂት ሜትር አፈር ብቻ ነው። ፈረቃው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፦ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የተሰነጠቀ ቧንቧም በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ልጆች በየወሩ ተቅማጥ በሚይዛቸው ቤት ምግቡን ብቻ ከመክሰስ ግቢውንም መመርመር ይሻላል።

የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አፍስሶ፣ በባልዲ ውሃ አስከትሎ፣ በየትኛው ማንሆል እንደሚያልፍ ማየት ነው። የቆጣሪውም ምርመራ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፣ ሮቶውና ታንከሩ እስኪሞሉ ይጠበቃል፣ ከዚያ የቆጣሪዋ መርፌ ትታያለች። አሁንም የምትዞር ከሆነ ወይ መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው ወይ ሌላ ሰው እየጠጣ ነው። ያ በፌስታል የታሰረ ጥቁር ቧንቧ ግን እስኪታወቅ ድረስ በመጋዝ አይነካም፤ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የመብራት ገመድ ማሳለፍ የተለመደ ነው። መሬት በፌሮ የሚወጋም ሰው የመብራት መስመሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ባይጀምር ይሻላል። በነገራችን ላይ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የመብራትና የቴሌ ገመድ ወደ ምድር እየገባ ነው፤ ወደፊት የሚያጋጥመው ክዳን ይበዛል እንጂ አያንስም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ምንም ቧንቧ የማይገባበት ክዳን ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የድሮ ሽንት ቤት ነው። አዲሱ ቤት ሲሠራ አሮጌው ጉድጓድ በአግባቡ ካልተሞላ አፉ በእንጨትና በቆርቆሮ ይሸፈናል፤ ላዩ ላይ ስስ ሲሚንቶ ይለሰንና ይረሳል። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሲሚንቶው ብቻውን ይቀራል። በጋ ላይ የግቢው ሣር ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምልሞ ከታየ፣ ከክረምት በኋላ መሬቱ ሰርጎድ ካለ፣ በዘነዘና ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ልጆች እዚያ መጫወት ወዲያው ማቆም አለባቸው። መኪናም አይቆምበትም።

ማንኛውንም ክዳን መክፈት ይቻላል፤ መግባት ግን ክልክል ነው። ይህ ምክር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ፍሳሽ ሲብላላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። በትንሹ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ከሚሊዮን እጅ 100 እጅ ያህል ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ብሎ የገባ ሰው የጠፋው ሽታው ሳይሆን የማሽተት አቅሙ መሆኑን አያውቅም። አብሮት የሚኖረው ሚቴን ደግሞ እሳት ይይዛል፤ ክብሪት ጭሮ ማየት የለም። በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ሲወድቅ እሱን ላድን ብሎ የገባው ሁለተኛው ተከትሎ መሞቱ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። በቀን ሥራ የሚጠራው ወጣት «ግባና ጥረግ» ሲባል እምቢ የማለት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚጠራው ሰው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። በሌላ በኩል ገዢው የገዛውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን አይቶ ዝም ይላል፣ ላዩ ላይ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ከዓመት በኋላ ወለሉ ሲሰምጥ ጠበቃ ይፈልጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄን ነው። የጎረቤት ቧንቧ በግቢ ውስጥ ሲያልፍ የተገኘ እንደሆነም በንዴት መቁረጥ አያዋጣም። ሕጉ ውሃና መብራት በሌላ ሰው መሬት እንዲያልፍ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ የተቆረጠበት ጎረቤት ከሳሽ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ጽሑፍ፣ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸከም መስማማት።

«ሻጩ ራሱ አያውቅም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት አለው። አራት እጅ የተገላበጠ ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስቆፈረው ሰው በሕይወት ላይኖር ይችላል። ታዲያ «አላውቅም» ብሎ ይጻፋ! «በሰሜን በኩል ሁለት ክዳን አለ፣ የምን እንደሆነ አላውቅም» የምትል ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን ያስከፍታል ወይም ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጩም ቢሆን ይጠቀማል፦ ገዢው አውቆ በፈረመበት ጉድለት በኋላ ሊከሰው ይቸገራል። ዝምታ ሻጩን የሚጠብቀው ስልኩን እስከሚያነሳበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ሪል ስቴቶች ደግሞ ይህ ሰበብ እንኳ የላቸውም። የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው፤ ደማቅ ብሮሹር ለማሳተም የሚያወጡትን ሽራፊ አውጥተው ቧንቧው በትክክል የተቀበረበትን ንድፍ ለደንበኛ መስጠት ይችላሉ።

ይህ ግዴታ በሕግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ቀሪው ገንዘብ ከመተላለፉ በፊት፣ ሻጩ ገና ስልክ በሚያነሳበት ጊዜ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ግቢውን ለግማሽ ቀን መዞር ይቻላል። ከክዳኖቹ አንዱ ካልተገኘ በተለይ መፈለግ ያለበት ኋላ የተቀጠለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰርቪስ ቤቱ፣ የእንጀራ መጋገሪያው፣ የመኪና ማቆሚያው። ሴፕቲኩ ሞልቶ ማጠቢያው ሽቅብ መመለስ በጀመረ ቀን መጣጭ ቦቴ በር ላይ ቆሞ፣ ሾፌሩ ቱቦውን ይዞ «ክዳኑ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ከምጣዱ ሥር ያለው ሴራሚክ የሚሆንበት ቤት አለና።