ባለ አካፋው ጦረኛ እና የትዝታ ሐቀኝነት

ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ማውጋት በለመድንበት አንደበት የቪዲዮ ጌም ማንሳት ለአንዳንድ አንባቢ ከቁም ነገር መውረድ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ስለ ትዝታ ካነበብኳቸው ብዙ ገጾች ይልቅ የልጆች መጫወቻ የሚመስል አንድ ሥራ አብዝቶ አሳስቦኛል። ስሙ «ሾቨል ናይት» ነው፤ በእኛ አፍ «ባለ አካፋው ጦረኛ» ብንለው ያስኬዳል። ሰማያዊ ጥሩር የለበሰ፣ በሰይፍ ፈንታ አካፋ የያዘ አጭር ጀግና ገደል እየዘለለ፣ አፈር እየቆፈረ፣ በጠላቶቹ አናት ላይ በአካፋው እየነጠረ ወደፊት ይገሰግሳል። ጨዋታው ለገበያ የበቃው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ መልኩ ግን የ1980ዎቹ ነው። ሥዕሉ በዓይን በሚቆጠሩ አራት ማዕዘን ነጥቦች፣ በፒክስሎች፣ የተሠራ ነው፤ ዜማውም የዚያን ዘመን ማሽን ድምፅ ይዟል።

የሠራው «ያት ክለብ ጌምስ» የተባለ አነስተኛ ቡድን ነው። በ2013 «ኪክስታርተር» በተሰኘው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ 75 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ300 ሺህ በላይ አገኘ። ያን ጊዜ በእጁ የተጠናቀቀ ሥራ አልነበረም። ብዙዎቹ ለጋሾች ገንዘባቸውን የሰጡት ለገዛ ልጅነታቸው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ጥርጣሬም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ትዝታን መቸርቸር አይደለምን? ሥዕሉን ሆን ብሎ ማሻከር፣ ዜማውን ማሳነስ፣ ከዚያም የጎልማሶችን ናፍቆት በዋጋ መመንዘር? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን አስቀድሞ አሮጌውን ማሽን ማወቅ ያሻል።

ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን «ፋሚኮም» ብሎ ያወጣው፣ በ1985 ደግሞ ወደ አሜሪካ የዘለቀው መጫወቻ እጅግ ድሃ ማሽን ነበር። የሥዕሉ ስፋት 256 በ240 ነጥብ ብቻ ነው። የሚያውቃቸው ቀለማት ከ50 ብዙም አይበልጡም፤ ለአንድ ተንቀሳቃሽ የሥዕል ቁራጭ የሚፈቅደውም ሦስት ቀለም ነው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ቁራጮች ከተገናኙ ትርፎቹ ይሰወራሉ፤ ምስሉም ብልጭ ድርግም ይላል። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ምድሩ፣ ሰማዩና ዜማው ሁሉ ተጠቃሎ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። የማሪዮ ደመናና ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ ተቀባ እንጂ። ማሪዮ ራሱ በ1981 በ«ዶንኪ ኮንግ» ሲወለድ በጥቂት ነጥብ አፍ መሣል ስላስቸገረ ጢም፣ ጸጉር መሣል ስላስቸገረ ቆብ ተሰጠው። ዓለም የሚያውቀው ፊት የችግር ልጅ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። በየወል ቤት የሚገጥም ባለቅኔ አሥራ ሁለት ቀለም ተሰጥቶታል፤ ስድስት ከዕረፍት በፊት፣ ስድስት ከዕረፍት በኋላ። አሥራ ሦስተኛዋን አምጡ ብሎ አያለቅስም። ጥበቱ ቃሉን ያስመርጠዋል፤ የቀረውን አንባቢው ይሞላዋል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ጥቂት ተነግሮት ብዙ መገመትን ያውቅበታል። በጥቂት ነጥብ የተሠራች ጀግናም ፊቷን የሚያገኘው ከተመልካቹ ሐሳብ ነው። የአሮጌው ጨዋታ ውበት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ሥራው ሳይጨርስ ይተውልናል፣ እኛ እንጨርሰዋለን።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። «ሾቨል ናይት» ይህን የድህነት ሕግ አክብሮ የተሠራ ቢመስልም ሕጉን በብዙ ቦታ ጥሷል። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ዲአንጀሎ የት የት እንደጣሱት በ2014 ራሱ ዘርዝሮ ጽፏል። ሥዕሉ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ልክ ተዘርግቷል። አሮጌው ማሽን የማያውቃቸው ጥቂት ቀለማት ተጨምረዋል። የሩቁ ተራራና የቅርቡ ዛፍ በየራሳቸው ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ያ አስቸጋሪ ብልጭ ድርግም ማለት ደግሞ ፈጽሞ የለም። ዜማውን የደረሰው ጄክ ካፍማን ሲሆን ሁለት ዜማዎችን ያበረከተችው ማናሚ ማትሱማዬ ናት፤ በ1987 የወጣውን የመጀመሪያውን «ሜጋ ማን» ዜማ የደረሰችው እርሷው ናት። ዜማው እንኳ የተቀመረው ፋሚኮም ብቻውን በሚያወጣው ድምፅ አልነበረም፤ ኮናሚ ለአንዳንድ ጨዋታዎቹ በጨመረው ተጨማሪ ቺፕ ድምፅ ጭምር ነው።

እንግዲህ እውነተኛውን አሮጌ ጨዋታ አውጥቶ ከዚህ ጎን ያኖረ ሰው ይደነግጣል። አሮጌው የሚያስታውሰውን ያህል አያምርም፤ ጨካኝ ነው፤ ሦስቴ ከወደቁ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ሆኖም አዲሱን ስናይ ነው «ልክ እንደዚያን ጊዜው!» የምንለው። አዲሱ የታመነው ለአሮጌው ጨዋታ ሳይሆን እኛ ስለ አሮጌው ጨዋታ ለያዝነው ትዝታ ነውና።

ከራሴ ልመስክር። በልጅነቴ በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር፣ የፋሚኮም አስመሳይ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር በተገጠመበት ጠባብ ክፍል፣ በሳንቲም እየከፈልን እንጫወት ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቤት ሳስብ የሚመጣልኝ የሰማዩ ሰማያዊነትና ያ ተደጋጋሚ ዜማ ነው። ካሴቱ አልነሣም ሲል እፍ እያልን መመለሳችን፣ ምስሉ በድንገት በረዶ መልበሱ፣ «ቆይ ላሳልፍልህ» ብሎ ጆይስቲኩን ነጥቆ የከፈልኩበትን ጨዋታ የሚጨርሰው ጎረምሳ፣ እነዚህ ሁሉ ካልፈለግኋቸው አይመጡም። ትዝታ አጣርቶ ያኖራል፤ አንቡላውን ለብቻ፣ ጠጁን ለብቻ።

በጨዋታ ይህ ማጣራት ማንንም አይጎዳም። በሌላው ኑሯችን ግን ይጎዳል። «ድሮ ቀረ» ማለት ከምንወዳቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው። ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ ቡና የሚጠጣበት፣ ልጅ የሁሉ ልጅ የሆነበት ሰፈር በየድርሰቱ ይሣላል። በዚያው ሰፈር በዕውቀቱ የተፈራው ባለ እጅ፣ ከትምህርት ቤት ተቀርታ ውሃ የምትቀዳው ልጅ፣ ሐኪም ሳያይ የሞተው ሕፃን ከሥዕሉ ወጥተዋል። የዘመኑን ብልጭ ድርግም አጥፍተን፣ ያልነበሩ ቀለማት ጨምረን፣ ከዚያ «ይህ ነበር» ብለን እንምላለን። የ«ሾቨል ናይት» ሠሪዎች ከእኛ የሚለዩት በዚህ ነው። እነርሱም አጥፍተዋል፣ ጨምረዋል፤ ግን ያጠፉትንና የጨመሩትን ቆጥረው ተናገሩ። ትዝታን ማሳመር የጥበብ ሥራ ነው፤ ያሳመሩትን ታሪክ ነው ብሎ ማቅረብ ግን አንባቢን መበደል ነው ባይ ነኝ።

የጨዋታው ተረክም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። (ጨርሶ መጫወት የሚሻ አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘልለው አልቀየምም።) ባለ አካፋው በአንድ ወቅት ብቻውን አልነበረም፤ ባለ ጋሻዋ «ሺልድ ናይት» አብራው ትዞር ነበር። በአንድ የተረገመ ግንብ ውስጥ አጣት፤ ጀግንነቱንም ትቶ ተሸሸገ። ኋላ ሊፈልጋት ሲነሣ፣ በመንገዱ በእሳት ዳር አረፍ ባለ ጊዜ፣ ከሰማይ ስትወድቅ በሕልሙ ያያታል፤ ሮጦ የሚቀበላት ደግሞ ተጫዋቹ በገዛ ጣቱ ነው። በመጨረሻ እንደምንረዳው ምድሪቱን ያስጨነቀችው ጠንቋይ ራሷ ያቺ ባለ ጋሻ ናት፤ የተረገመ ክታብ ለውጧታል። ያለፈውን ፍለጋ የሄደ ሰው ያለፈውን በተወበት መልክ አያገኘውም፤ መታገል አለበት። የሞት ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። ጀግናው ሲሞት ከወርቁ ከፊሉ ክንፍ ባላቸው ከረጢቶች ሆኖ በወደቀበት ሥፍራ ያንዣብባል። ተመልሶ ማንሣት ይቻላል። ሳይደርስበት ዳግመኛ ከሞተ ግን ለዘለዓለም ጠፋ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። በ1980ዎቹ ያልነበሩ፣ አሮጌውን ማሽን በዓይናቸው ያላዩ ወጣቶችም ይህን ጨዋታ ወድደውታል። ያልኖሩበትን ዘመን እንዴት ይናፍቃሉ? መልሱ ከደጃችን አይርቅም። ገና ማንንም ያልተለየ ወጣት ዘፋኝ ትዝታን ሲያዜም ሽማግሌውን ያስለቅሰዋል። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ከእርሱ በፊት የብዙ ሰው ናፍቆት ተጠራቅሞባቸዋልና ይሸከሙታል። የጥቂት ነጥብና የጥቂት ድምፅ ቅርጽም እንዲሁ ቅኝት ሆኗል። ማሽኑ በሙዚየም ይቀመጥ፤ ቅኝቱን የሚችል ሁሉ ሊያዜምበት ይችላል።

ስለዚህ ወደኋላ እየተመለከቱ ለሚጽፉ ወዳጆቼ ይህን ጨዋታ በሙሉ ልብ አመላክታለሁ። የጀግናው መሣሪያ አካፋ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አካፋ ይቀብራል፣ አካፋ ያወጣል። ስለ ድሮ የሚጽፍ ሁሉ በእጁ የያዘው እርሱኑ ነው፤ የትኛውን እየሠራበት እንደሆነ ለአንባቢው ቢነግረው መልካም ነው።